ሳምቡሳ በቤት ውስጥ፣ ጨዋማውም ጣፋጩም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሳምቡሳ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከአጠቃለሉ ይጀምራል። «ሦስት ማዕዘኑ እምቢ አለኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ውስጡ ምን ያህል ደርቆ እንደነበር ነው። ቅርጹ የተጣመመ ሳምቡሳ ይበላል፣ እንዲያውም ከሚያምረው ቀድሞ ያልቃል። ውስጡ ውኃ የያዘ ሳምቡሳ ግን ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፤ ካልፈነዳም ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከታች «ደረቅ» እና «ቀዝቃዛ» የሚሉት ቃላት ቢደጋገሙባችሁ አትሰልቹብኝ።

የትኛው ዱቄት ይሻላል? መጠኑስ ስንት ነው?

ተራው የፉርኖ ዱቄት ይበቃል። ለ24 ሳምቡሳ 3 ኩባያ ዱቄት (375 ግራም ገደማ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እና 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ለብ ያለ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ ዱቄት እንደ ዓይነቱ የሚጠጣው ይለያያል። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በጣታችሁ አዋህዱት፣ ከዚያ ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እሹት። ሊጡ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ሲጫኑት ግን የሚታዘዝ መሆን አለበት።

ከዚያ ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ ተዉት። ይህቺን ግማሽ ሰዓት የሚዘላት ብዙ ነው፣ እኔም እዘላት ነበር። ሊጥ ሲታሽ በውስጡ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ይወጠራል። ወዲያው ልዳምጠው ስትሉ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰብባችኋል። ካረፈ በኋላ ግን ይላላል፣ ያለ ትግል ይዘረጋል።

ቂጣው ወፍራም እየሆነብኝ ተቸገርኩ፣ እንዴት ነው እንደ ወረቀት የሚሳሳው?

አንድ በአንድ አትዳምጡት፣ ሁለት ሁለቱን ደርቡ። ሊጡን 12 ቦታ አድቦልቡሉት። እያንዳንዱን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ዳምጡ። የአንዱን ፊት ዘይት ቀቡት፣ ላዩ ላይ ዱቄት ነስንሱበት፣ ሌላውን ደርቡበት። አሁን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥራችሁ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ዳምጡ። ብቻውን ቢሆን የሚቀደደው ሊጥ ሁለት ሲሆን ይችላል፣ ዘይቱና ዱቄቱም እንዳይዋሃዱ ይለያያቸዋል።

ከዚያ ዘይት ያልነካው መጥበሻ በመካከለኛ እሳት አሙቁና የተደረበውን ቂጣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በእያንዳንዱ ጎኑ አስነኩት። እንዲበስል አይደለም፣ እንዲጠነክር ብቻ ነው። መልኩ ቡናማ ከሆነ አልፎበታል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከመጥበሻው እንዳወጣችሁት በሙቀቱ ሁለቱን ለያዩዋቸው። ጣት ያቃጥላል፣ ግን ከቀዘቀዘ ይጣበቃል። ለያይታችሁ መሃል ለመሃል ስትቆርጡት ከእያንዳንዱ ሁለት ግማሽ ክብ ታገኛላችሁ። በጨርቅ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ነፋስ ከነካው ጠርዙ ይደርቃል።

ይህ ሁሉ አድካሚ ከመሰላችሁ ሊጡን አስሳችሁ ሳታስነኩ በጥሬው መጠቅለልም ይቻላል። ይሠራል። ግን ኩርሽምታው እንደዚህኛው አይሆንም፣ ብዙ ከተቀመጠም ውስጡ ያረጥበዋል።

ወፍራምና እንደ ብስኩት የሚፈረፈረው ሳምቡሳስ?

እሱ ሌላ ሊጥ ነው፣ በሕንድ አሠራር የሚታወቀው። ለ2 ኩባያ ዱቄት (250 ግራም) 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እና ከፈለጋችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ። ቅባቱ ዱቄቱን በደንብ ማግኘት አለበት። በእፍኛችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘ በቅቶታል። ከዚያ ውኃ በማንኪያ እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አድርጉት፣ ብዙም አትሹት። ይህኛው መጥበሻ ላይ አይነካም፣ በጥሬው ይሞላል። ድንች የሚስማማው ከዚህ ጋር ነው።

የምስር ሳምቡሳ ሁልጊዜ ይረጥብብኛል፣ ምን እያጠፋሁ ነው?

ምናልባት ሦስት ነገር። አንደኛው ምስሩ ነው፦ ክክ ምስር ከሆነ ተዉት፣ ሲበስል ገንፎ ይሆናል። የሚያስፈልገው ድፍኑ ነው። ሁለተኛው አበሳሰሉ ነው። 250 ግራም ድፍን ምስር ለቅማችሁና አጥባችሁ በብዙ ውኃ ቀቅሉት፣ ከ12ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ እየቀመሳችሁ። በጥርስ ሲነካ የሚሰነጠቅ፣ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ሲሆን አውጡት። ወጥ እንደሚሠራ ሰው እስኪፈርስ ከጠበቃችሁት አበቃ፤ የጠጣውን ውኃ መልሳችሁ ልታወጡት አትችሉም።

ሦስተኛው ደግሞ ችኮላ ነው። ምስሩ ማጥለያ ላይ 15 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በትኑት። መጀመሪያ የሠራሁትን ሳምቡሳ አልረሳውም። ትኩሱን ምስር በእንፋሎቱ ጠቀለልኩት፣ ቂጣው እጄ ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት ተቀደደ፣ የተረፈውም ዘይት ውስጥ ተፈትቶ የምስር ጥብስ ሆነ። በማንኪያ ነው የበላነው።

መመዘኛችሁ ይህ ይሁን፦ መሙያውን በእፍኛችሁ ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሃል ውኃ ከወጣ ገና ነው።

ሽንኩርቱን በተመለከተ ሰው ይከራከራል። እኔ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቅቄ ከትፌ ግማሹን በትንሽ ዘይት ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር አቁላላለሁ፣ ግማሹን ጥሬውን እጨምራለሁ፤ ጥሬው ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲበስል ጣዕሙ ሌላ ነው። ጥሬውን ግን መጀመሪያ ጨው ነስንሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና ጨምቁት። ቃሪያ፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የድንብላል ቅጠል የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ጨውን ትንሽ ጠበቅ አድርጉት፤ ቂጣው ሲሸፍነው ቅመሙ ይደበዝዛል።

የሥጋ ሳምቡሳ ላይ ሥጋው በጥሬው ይገባል ወይስ በስሎ?

በስሎ። ስሱ ቂጣ ዘይት ውስጥ የሚቆየው 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ጊዜ ላዩ ቀልቶ መሃሉ ያለው ሥጋ ጥሬ ሊቀር ይችላል። የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት።

500 ግራም የተፈጨ ሥጋ ሰፊ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት በጠንካራ እሳት አድርጉና እየበታተናችሁ አብስሉት። መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ ይንተከተካል። እዚህ ላይ ድምፁን ስሙ፦ መንተክተኩ ቆሞ መንጣጣት ሲጀምር ውኃው አልቋል ማለት ነው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ ከዚህ በኋላ ይግባ። ሥጋው ስብ ከበዛበት ቀድታችሁ አውጡት፣ ያለበለዚያ ሳምቡሳው ሲቀዘቅዝ ስቡ ላንቃ ላይ ይጋገራል። ከዚያ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ከእሳት ከወረደ ጀምሮ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት፣ ወይ ጠቅልላችሁ ጥበሱት ወይ ፍሪጅ አስገቡት።

ድንች፣ አትክልት፣ አይብስ?

ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉት፣ ውኃ እንዳይጠጣ። ሲቀዘቅዝ ልጣችሁ በእጅ ፈርከስከስ አድርጉት፣ እንደ ንፍሮ ቁርጥራጭ ይኑረው እንጂ አታላቁጡት። አተር፣ ከሙን፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጥቂት ሎሚ ይስማሙታል። ጎመንና ካሮት ከሆነ ደቃቅ ከትፋችሁ ጨው ነስንሱበት፣ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ ጨምቁት፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ እያማሰላችሁ አቁሉት። አይብ ብቻውን ቀልጦ ይፈሳል። ከድንች ጋር ቀላቅሉት፣ ወይም የማይቀልጠውን ደረቅ ዓይነት ተጠቀሙ።

አጠቃለሉን በቃል ግለጹልኝ፣ ቪዲዮ አይቼም አልገባኝም።

እሺ። 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጡ፣ ይህ ሙጫችሁ ነው። ግማሽ ክቡን ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ፣ ክቡ ወደ እናንተ ሆኖ አስቀምጡት። የቀጥታው ጠርዝ መሃል የሳምቡሳው ሹል ጫፍ ይሆናል። የጠርዙን ቀኝ ግማሽ ሙጫ ቀቡ። ግራውን ወደ መሃል እጠፉት፣ ቀኙን አምጥታችሁ በላዩ ደርቡት፣ ተጫኑት። እጃችሁ ላይ ስታነሱት ቆሎ እንደሚቋጠርበት የወረቀት ጥቅል ይሆናል። ሹሉን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ብርሃን ካስገባ ዘይትም ያስገባል፣ በሙጫ ድፈኑት።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ መሙያ አስገቡ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ አቁሙ። ስስት እዚህ ላይ ነው ችግር የሚያመጣው፤ ተጨማሪ ግማሽ ማንኪያ ትልና አፉ አልገጥም ይላል። አፉን ሙጫ ቀብታችሁ እጠፉት፣ አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ዘይት ውስጥ ለምን ይከፈታል?

ሙጫው ቀጥኗል፣ ወይም አፉ ላይ መሙያ ነክቶታል፣ ወይም ከመጠን በላይ ሞልቷል፣ ወይም ደግሞ ውስጡ እርጥብ ነው። እርጥበቱ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል።

ላዩ ላይ ፊኛ ፊኛ የሚለውስ?

ዘይቱ ከልክ በላይ ግሏል፣ ወይም ሊጡ ቀጥኗል። በወፍራሙ ሊጥ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ጣዕሙን አይጎዳውም፣ ግን ላዩ ቀልቶ የሊጡ መሃል ጥሬ ሊሆን ይችላልና አንዱን ሰብራችሁ እዩት።

የዘይቱን ሙቀት ያለ ቴርሞሜትር እንዴት ልወቅ?

የሊጥ ፍርፋሪ ጣሉበት። ለስሱ ቂጣ የሚፈለገው ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ሙቀት ፍርፋሪው ወዲያው አረፋ እያወጣ ብድግ ይላል፣ ግን ቶሎ አይጠቁርም። ከታች ተኝቶ ከቀረ ዘይቱ ቀዝቅዟል፣ ሳምቡሳውም ዘይት ይጠጣል። ጢስ ካያችሁ ደግሞ ምድጃውን አጥፉና ጠብቁ።

ለወፍራሙ ሊጥ ሕጉ ይገለበጣል። እሱ በ140 እና 150 ዲግሪ መካከል ይጀምራል፤ ፍርፋሪው ቀስ ብሎ የሚነሳበት ሙቀት ነው። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ በእርጋታ ይጠበስና መጨረሻ ላይ እሳቱ ይጨመርለታል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሊጦች በአንድ ዓይነት እሳት ጠብሶ «የሕንዱ ለምን አይበስልም?» ይላል።

በአንድ ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 በላይ አትጨምሩ። ቀዝቃዛ ነገር ሲበዛ ዘይቱ ይበርዳል። ሲወጣም ወረቀት ላይ ደራርባችሁ አታስቀምጡት፣ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል። ሽቦ ላይ ወይም ማጥለያ ውስጥ አቁሙት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዘይቱ እሳት ከያዘ ውኃ እንዳትደፉበት። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ክደኑበት፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትክፈቱት፣ ድስቱንም ከቦታው አታንቀሳቅሱት።

ጣፋጭ ሳምቡሳ ይቻላል? ምን ልጨምርበት?

ይቻላል ብቻ ሳይሆን የቆየ ነው። ሳምቡሳ የሚለው ስም ከፋርስኛ የመጣ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በዴልሂው ሱልጣን መሐመድ ቢን ቱግሉቅ ማዕድ ላይ የቀረበውን ሳምቡሳ ሲገልጽ ውስጡ ሥጋ ከአልሞንድ፣ ከፒስታሽዮና ከዋልነት ጋር እንደነበር ጽፏል። ለውዝን ቂጣ ውስጥ ማስገባት የኛ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

እኔ ጋ ሁሌም የሚሳካው የኦቾሎኒው ነው። 1 ኩባያ የተቆላ ኦቾሎኒ ሸካራ አድርጋችሁ ውቀጡት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ጥቂት የተፈጨ ሄል፣ ቁንጥር ጨው እና 1 የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ቅቤ ቀላቅሉበት። ቅቤው ፍርፋሪውን ይይዘዋል። ጨውን እንዳትተዉት፣ ያለ እሱ ጣፋጩ ጣፋጭ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለ በሰሊጥ ወይም በኮኮናት ቀይሩት፣ ከመቅረቡ በፊትም ውስጡ ምን እንዳለ ንገሩ።

ተምርም ያምራል። ፍሬውን አውጥታችሁ ከትፋችሁ ከትንሽ ቅቤ ጋር በለስላሳ እሳት እስኪላቁጥ አማስሉት፣ ዋልነት ወይም ሰሊጥ ጨምሩ። ስኳር አያስፈልገውም። ከፍራፍሬ አፕል ይሻላል፦ 3 አፕል በትንንሹ ቆርጣችሁ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ከቀረፋ ጋር አብስሉ፣ ጭማቂው ሊያልቅ ሲል 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ አንተክትኩና አቀዝቅዙት። ቸኮሌት ከሆነ ቁርጥራጩን ፍሪዘር ውስጥ አጠንክሩት፣ ከጠንካራ ሙዝ ጋር ቶሎ ጠቅልሉት። ማርማላታ ብቻውን አታስገቡ። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ክፍተት ፈልጎ ይወጣል፣ ያፈሰሰው ስኳር ያርርና ዘይቱን ያመርረዋል።

የጣፋጩን እሳት ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ 160 ዲግሪ አካባቢ። መሙያውንም ከጨዋማው አሳንሱ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ይበቃል።

የቱን ቀድሜ ልጥበስ?

ጣፋጩን። ሽንኩርትና ከሙን የተጠበሰበት ዘይት ለቸኮሌት አይሆንም። አፉን አጥብቆ ስለመግጠማችሁ ካልተማመናችሁ ግን ትንሽ ድስት ለይታችሁ በጥቂት ዘይት ጥበሱት።

ቅርጻቸውንም ለዩ። ጣፋጩን በግማሽ ጨረቃ፣ ጠርዙን በሹካ ተጭኖ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ሠርቼ አንድ እንግዳ የቸኮሌቱን በቃሪያ ዳጣ ነክሮ ጎረሰው። በትህትና ዋጠው፣ ደግሞ አላነሳም።

ሽሮፕ ላይ መንከር ይቻላል?

1 ኩባያ ስኳር በግማሽ ኩባያ ውኃ 5 ደቂቃ አፍሉ፣ ስኳሩ መልሶ እንዳይረጋ ጥቂት ሎሚ ጨምቁበት። ሽሮፑ ይቀዝቅዝ፣ ሳምቡሳው ትኩስ ይሁን። አስነክታችሁ ወዲያው አውጡት። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ይለሰልሳል። ሽሮፕ ለማትወዱት የዱቄት ስኳር መነስነስ ይበቃል፣ ከመጥበሻ እንደወጣ ግን አይደለም፣ ይቀልጣል።

ያለ ዘይት በኦቨን ወይም በኤር ፍራየር ብሠራው ሳምቡሳ ይባላል?

ይባላል። በመካከለኛው እስያ ሳምሳ የሚሉት የዚሁ ዘመድ ድሮም የሚጋገረው በእቶን ነው። ሁለቱንም ጎን ዘይት ቀቡና በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጋግሩት፣ መሃል ላይ ገልብጡት። ኤር ፍራየር ከሆነ በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ዘይት ሳትቀቡ ከጋገራችሁት ደረቅ ካርቶን ነው የሚሆነው፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። ከተጠበሰው ጋር አንድ ነው የሚሏችሁንም አትመኑ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነው። ለአፕሉና ለተምሩ እንዲያውም ኦቨኑን እመርጣለሁ።

የተዘጋጀ ቂጣ ገዝቼ ብጠቀምስ?

ምንም ነውር የለውም። የስፕሪንግ ሮል ቂጣ በረዥሙ ቆርጣችሁ ማዕዘኑን እየገለበጣችሁ ብታጥፉት ጥሩ ሦስት ማዕዘን ይወጣዋል። በስሱ የረጠበ ጨርቅ ሸፍኑት። ፊሎ የሚባለው የተዘጋጀ ቂጣ ግን በጣም ስስ ነው፤ ቅቤ እየቀባችሁ ሁለት ሦስቱን ደርቡ፣ ጋግሩት እንጂ አትጥበሱት።

ቀድሜ ሠርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?

ጥሬውን ፍሪዘር ውስጥ፣ አዎ። ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድራችሁ 2 ሰዓት ያህል አጠንክሯቸው፣ ከዚያ አየር በማያስገባ ፌስታል ሰብስቧቸው። ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያሉ። ስትጠብሱ በረዶው እስኪለቅ አትጠብቁ፣ ከለቀቀ ቂጣው ይረጥባል። ከፍሪዘር በቀጥታ፣ በ160 ዲግሪ አካባቢ፣ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምራችሁ ጥበሱ። ላዩ ላይ የበረዶ ብናኝ ካለ አራግፉት፣ ዘይቱ ይረጫል።

ፍሪጅ ውስጥ ጥሬውን ማሳደር አልመክርም። ማሳደር የሚሻለው መሙያውን ለብቻ፣ ቂጣውን ለብቻ ነው።

የተጠበሰ ተርፎኝ ለሰለሰ፣ ምን ላድርገው?

ኦቨን ውስጥ በ180 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ወይም ደረቅ መጥበሻ ላይ በቀስታ እያገላበጣችሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ካስገባችሁት የበለጠ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም።